ፍልስፍና ማኅበረሰብን ጎድቷል የሚል ክስ ሲነሣ እንዴት እንመርምረው?

በአገራችን «አትፈላሰፍ» የሚለው ቃል ከምክር ይልቅ እንደ ቁጣ የሚነገርበት ጊዜ ይበዛል። ልጅ ታላላቆቹ የተስማሙበትን ነገር ለምን ብሎ ሲጠይቅ፣ በዕድር ስብሰባ ሁሉም ሊነሣ ሲል አንድ ሰው እጁን አውጥቶ ነገሩን ከመነሻው እንየው ሲል፣ ይህ ቃል ይሰነዘርበታል። ከእርሱ ጎን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው አባባል አለ፤ ይህም በደርግ ዘመን ልጆቻቸውን የቀበሩ፣ አንዳንዶቹም ለመቅበር እንኳ ያልታደሉ ወላጆች ለተረፉት ልጆቻቸው ደጋግመው የሰጡት ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም አባባሎች አንድ ክስ ይዘዋል፤ ሐሳብን እስከ ጥጉ መከተል ዋጋ ያስከፍላል፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ያሰበው ሰው ብቻ አይደለም የሚል ነው። የተማረ ሰው ይህን ክስ ንቆ ማለፉ ተገቢ አይመስለኝም፤ ከሳሾቹ በገዛ ቤታቸው የደረሰውን አይተው የተናገሩት ነውና።

የሚከተለው መመሪያ የታሰበው ክሱን በክፍል ውስጥ ለሚያነሡ መምህራን፣ ለተማሪዎች፣ እንዲሁም በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር ተሰብስበው ስለ አገራቸው ታሪክ ለሚወያዩ ሰዎች ነው። ፍልስፍና በጠቅላላው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ለሚለው ጥያቄ መልስ አልሰጥም፤ ጥያቄው እንደዚያ ተጠይቆ መልስ ያገኛል ብዬም አላምንም። የማሳየው አንድ የተወሰነ ፍልስፍና አንድን የተወሰነ ማኅበረሰብ ጎድቷል ሲባል ጉዳዩ በምን መንገድ እንደሚመረመር ነው። ዋናው ምሳሌዬም ለእኛ የቅርብ የሆነው፣ ማርክሲዝም-ሌኒኒዝም (የማርክስና የሌኒን የመደብ ትግልና የአብዮት ትምህርት) በኢትዮጵያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970 ዓ.ም. የሠራው ሥራ ነው።

ክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ፍልስፍና ጎጂ ነው» የሚለው አባባል ሊረጋገጥም ሊስተባበልም አይችልም። ስለዚህ ወረቀት ይያዙና የትኛው ሐሳብ፣ በየትኛው ዘመን፣ በማን ላይ፣ ምን ዓይነት ጉዳት አደረሰ እንደሚባል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከተሞች በወጣቶች ላይ ለተፈጸመው ግድያ ዋናው ምክንያት የተማረው ትውልድ የተቀበለው ማርክሲዝም-ሌኒኒዝም ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስሕተት መሆኑ ሊታወቅ የሚችል ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ምርመራ መጀመር ይቻላል።

በዚሁ ወረቀት ላይ «ፍልስፍና» ስንል ከሦስቱ የትኛውን ማለታችን እንደሆነ እንለይ። አንደኛው መጠየቅና መመርመር ራሱ ነው፤ በግእዝ «ሐተታ» የሚለው ቃል የያዘው ይህንን ትርጉም ነው። ሁለተኛው ከጥያቄዎቹ የተገነባ የመልሶች ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ከሥርዓቱ ተቆርጦ አደባባይ የወጣ መፈክር ነው። ብዙ ክርክር መቋጫ የሚያጣው አንዱ ተከራካሪ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ ሦስተኛው ስለሚናገር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መሸሻዎች አሉ፣ ሁለቱንም አይጠቀሙባቸው። የመጀመሪያው «እውነተኛ ፍልስፍና ይጠይቃል እንጂ አይገድልም፤ የገደለ ከሆነ ፍልስፍና አልነበረም» የሚለው ነው። ይህ ተከሳሹን ማስረጃ ሳይሰማ በትርጉም ብቻ ነጻ የሚያወጣ ፍርድ ነው። ማርክስ የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1841 ስለ ጥንታዊዎቹ የግሪክ ፈላስፎች ስለ ዴሞክሪተስና ኤፒኩረስ ጽፎ ነው፤ ወደ ኋላ የማነሣው ጆቫኒ ጄንቲሌም በዘመኑ ከታወቁት የኢጣልያ የፍልስፍና ፕሮፌሰሮች አንዱ ነበር። እነዚህን ሰዎች ከፍልስፍና ቤት ማስወጣት አይቻልም። ሁለተኛው መሸሻ «ሐሳብ አይገድልም፣ የሚገድለው ሰው ነው» የሚለው ነው፤ ሰው ግን ማንን መግደል እንደሚገባው የሚወስነው ስለ ዓለም ባለው አስተሳሰብ ስለሆነ፣ ይህም ምርመራውን ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ጽሑፉን በአንድምታ ያንብቡ

«ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» እንደሚባለው የተከሰሰውን ጽሑፍ ራሱን ሳያነብ የሚፈርድ ሰው የሚፈርደው በወሬ ላይ ነው። ለዚህ ሥራ ከአብነት ትምህርት ቤት የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ትርጉሞችን ሲደረድር ተማሪው የሚማረው አንድ ቃል ብዙ በር እንዳለው ነው። የፍልስፍና ጽሑፍም እንዲሁ ይነበብ።

«የወዝ አደሩ አምባገነንነት» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። አንድም፣ የማርክስ ዘመን አንባቢ ቃሉን ሲሰማ የሚያስታውሰው በጥንታዊት ሮማ በችግር ጊዜ በሕግ ለአጭር ጊዜ ይሰጥ የነበረውን ሹመት ነው። አንድም፣ አንድ መደብ በሌላው ላይ ያለውን የበላይነት በጠቅላላው የሚገልጽ ነው፤ በዚህ ትርጉም የፓርላማ ሥርዓትም የከበርቴው አምባገነንነት ይባላል። አንድም፣ ሌኒን እንደተረጎመው በቀጥታ በኃይል ላይ የተመሠረተና በምንም ሕግ ያልተገደበ ሥልጣን ነው። ወደ አዲስ አበባ የደረሰው ይህ ሦስተኛው ነው። መርማሪው ሊጽፈው የሚገባው ነጥብም ይኸው ነው፤ ጽሑፉ ሦስት በሮች ነበሩት፣ የገባንበት ግን በአንዱ ብቻ ነው። ይህም የመጀመሪያውን ደራሲ ከኃላፊነት ሙሉ በሙሉ አያወጣውም፤ ሦስተኛውን በር ክፍት አድርጎ የሄደው እርሱ ነውና።

ትርጉሙ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ በእኛ ጉዳይ ብዙ ነገር የተበላሸው እዚህ ይመስለኛል። ከበርቴ፣ ንዑስ ከበርቴ፣ አድኃሪ፣ ተራማጅ፣ ወዝ አደር፣ አንጃ፣ ፀረ-ሕዝብ የሚሉት ቃላት በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአማርኛ የዕለት ቋንቋ ሆኑ። በመጽሐፉ ውስጥ «ንዑስ ከበርቴ» የሚለው ቃል የአንድን ሰው ጠባይ አይገልጽም፤ ከንብረትና ከሥራ ጋር ያለውን ግንኙነት እንጂ። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ግን ቃሉ ስድብ ሆነ፣ ከስድብም ወደ ክስ አለፈ፣ ከክስም ወደ ፍርድ። በደመወዙ የሚኖር መምህር፣ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው፣ ዕድሜው ገና አሥራ ስምንት ያልሞላ ተማሪ በዚህ ስም ሊጠራ ይችል ነበር። የሰውን ሥራ ከመመዘን የሰውን ዓይነት ወደ መመደብ መሸጋገር ቃሉ ከመጽሐፍ ወደ አደባባይ ሲወጣ የተጨመረበት ነገር ነው። መርማሪው ይህን ሽግግር ካገኘ ከባድ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

ዛሬም ብዙ የሚያከራክረውን፣ የተማሪዎች ንቅናቄ አባል የነበረው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ ለሚመረምርም ምክሬ ያው ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በጥቂት ገጾች የሚያልቅ ነው። ሁሉም የሚሳተፉበት እውነተኛ ብሔራዊ መንግሥት ያስፈልጋል የሚለውን ክፍልና ስለ መገንጠል የሚናገረውን ክፍል ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቡ። አንዱን ብቻ ይዞ ማወደስም ማውገዝም በጽሑፉ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

የሐሳቡንና የድርጊቱን ዘመን ጎን ለጎን ያሰልፉ

ቀጣዩ ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ከሁሉ ይልቅ ፍርድን የሚያቀና ነው። ወረቀቱን በመሐል ከፍለው በአንዱ በኩል ሐሳቡ የተነገረበትን፣ በሌላው በኩል ድርጊቱ የተፈጸመበትን ቀን ይጻፉ።

በእኛ ጉዳይ ወረቀቱ ይህን ይመስላል። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ። በ1960 ዓ.ም. መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) በሐምቡርግ፣ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዮታዊ ፓርቲ) የተባለው ድርጅት በበርሊን ተመሠረተ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 ያህል የቀድሞ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ። በታኅሣሥ 11 ቀን 1967 ዓ.ም. ኅብረተሰብአዊነት (ሶሻሊዝም) የአገሪቱ መመሪያ ሆኖ ታወጀ። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ተከተለ፤ የከተማ ቀበሌዎችም የተወለዱት ከእርሱ ነው። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። በ1969 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በይፋ ተጀመረ።

አሁን ከኅዳር 14 እስከ ታኅሣሥ 11 ያለውን ርቀት ይመልከቱ። የመጀመሪያው ታላቅ ግድያ የተፈጸመው ሶሻሊዝም ከመታወጁ ከአንድ ወር ገደማ በፊት፣ የደርግ መፈክር ገና «ኢትዮጵያ ትቅደም» በነበረበት ጊዜ ነው። ያለ ፍርድ መግደል ወደ ደርግ አዳራሽ የገባው ከመጽሐፉ ቀድሞ ነው ማለት ነው። ይህ አንድ ማስረጃ ብቻውን ከላይ በጻፍነው ክስ ውስጥ «ዋናው ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ያናውጠዋል።

ነገር ግን ያው ወረቀት በሌላ ቦታ ደግሞ ፍልስፍናውን መልሶ ይከሰዋል። በ1969 ዓ.ም. የተፋጁት ወገኖች እነማን ነበሩ? መኢሶንና ኢሕአፓ ሁለቱም ማርክሲስት-ሌኒኒስት ነን ይሉ ነበር፤ ከአባሎቻቸው ብዙዎቹ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በአንድ የተማሪዎች ማኅበር የተሰበሰቡ ነበሩ። መኢሶን ለደርግ «ሒሳዊ ድጋፍ» ሲሰጥ ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» ይቋቋም አለ፤ መኢሶን ኢሕአፓን «አንጃ» ሲለው ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለው። የሁለቱ ልዩነት በመሬትም ሆነ በሃይማኖት አልነበረም፤ አንዱን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ላይ እንዴት እናውለው በሚለው ነበር። የርስት ጠበኞች በሽማግሌ ሊታረቁ ይችላሉ፤ ታሪክ ራሱ የእኔ ወገን ነው ብለው የሚያምኑ ሁለት ወገኖች ግን የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ አይኖራቸውም፣ ከታሪክ በላይ ዳኛ የለምና። ይህን ያመጣው ፍልስፍናው ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

በዚሁ ወረቀት ላይ የየካቲት 25ቱን አዋጅ መዝለል አይገባም። በደቡብ የአገራችን ክፍል ጭሰኛው ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ለባላባት ያስረክብ የነበረበት ሥርዓት በዚያ አዋጅ ፈረሰ። ለመሬት ጥያቄው ለአሥር ዓመት ቋንቋ የሰጠው ያው የተከሰሰው ፍልስፍና ነው። ገበሬው የመጠቀም መብት እንጂ የባለቤትነት መብት አለማግኘቱም ከዚያው ፍልስፍና የመጣ ነው። ጉዳትና ጥቅም ከአንድ ምንጭ ሲቀዱ ሁለቱንም መጻፍ የመርማሪው ግዴታ ነው፤ ይህን ሲያደርግ ግን ጥቅሙን ለሟቾች እንደ ካሣ አድርጎ እንዳያቀርበው ይጠንቀቅ።

ሐሳቡ ከመጽሐፍ እስከ ጠመንጃ የሄደበትን መንገድ ይከተሉ

ሐሳብ በአንድ ዝላይ ከፈላስፋ ጠረጴዛ ወደ አብዮት ጥበቃ ጓድ እጅ አይደርስም። በመካከል ተርጓሚ አለ፣ የጥናት ክበብ አለ፣ የፓርቲ ልሳን አለ፣ አዋጅ አለ፣ ቀበሌ አለ። በየአንዳንዱ ጣቢያ ቆመው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ እዚህ ቦታ ላይ የተጠራጠረ ሰው ምን ይደርስበት ነበር?

በመጽሐፉ ደረጃ የተጠራጠረ ሰው ሌላ መጽሐፍ ይጽፋል። በተማሪዎች ማኅበር የተጠራጠረ ሰው በጩኸት ይቋረጣል፣ አድኃሪ ይባላል፣ ነገር ግን ወደ መኝታ ክፍሉ ይመለሳል። በኅቡዕ ሕዋስ ውስጥ «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» የሚባል ሕግ አለ፤ የበላይ አካል የወሰነውን የበታቹ ይፈጽማል፣ የተጠራጠረም «ሒስና ግለ ሒስ» ያደርጋል። በዚህ ጣቢያ መጠራጠር የእውቀት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የታማኝነት ጉዳይ ሆነ። ቀበሌ ላይ ሲደርስ «ነጻ እርምጃ» ተጠባበቀው፤ መግደል ፈቃድም ፍርድም የማያስፈልገው ሥራ ሆነ። ቁልቁለቱ እንዲህ በየደረጃው ሲታይ፣ ሐሳቡ ገዳይ የሆነው ጠመንጃ ባገኘበት ቀን ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ጥርጣሬ በደል ተብሎ በተመዘገበበት ቀን እንደሆነ ይታያል። ለመርማሪው ይህ ቀን ሊታወቅለት የሚገባ ቀን ነው፤ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ያለውን ፍልስፍና ስትመረምሩም የምትፈልጉት ይህንኑ ነው።

ሌላም መጨመር ያለበት ነገር አለ። እስከ 1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሕጋዊ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ጋዜጣውም መጽሐፉም በሳንሱር ያልፍ ነበር። ስለዚህ ወጣቱ እነዚህን ጽሑፎች ያነበበው ተደብቆ፣ ከሚስማሙት ጋር ብቻ ነው። በአደባባይ ተከራካሪ ያላገኘ ሐሳብ የራሱን ድክመት የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። በቅኔ ማኅበር ተማሪው ያወረደውን ቅኔ መምህሩና ጓደኞቹ ይነቅፉበታል። ያ ትውልድ ከዓለም ሁሉ ከባዱን ሐሳብ የተቀበለው ነቃፊ በሌለበት ማኅበር ነበር፤ ነቃፊውን ያራቀው ደግሞ ተማሪው ብቻ አልነበረም፣ መንግሥቱም ነበር። ፍልስፍና ጎዳ ስንል ክልከላው የጎዳውን ለይተን ማስቀመጥ ያለብን ለዚህ ነው።

ያው ዘር በሌላ ማሳ ምን አበቀለ?

አንድ ፍልስፍና ለአንድ ጉዳት ተጠያቂ ነው ከተባለ፣ በሌላ ቦታ ሲዘራ ምን እንዳፈራ መታየት አለበት። በሕንድ ኬራላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1957 ኮሚኒስት ፓርቲ በምርጫ ሥልጣን ያዘ፤ ማዕከላዊው መንግሥት በ1959 ሲያሰናብተው ከቢሮው ወጣ፣ ከዚያ ወዲህም ሲሸነፍ እየለቀቀ ሲያሸንፍ እየተመለሰ ኖሯል። በካምቦዲያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 የማርክስን ስም የጠራ መንግሥት ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ አስጨረሰ። ከሁለቱ የሚገኘው ትምህርት ፍልስፍናው ነጻ ነው የሚል አይደለም። ልዩነቱን ያመጣው ሐሳቡን የተቀበለው አገር ፍርድ ቤት፣ ምርጫና ተቃዋሚ የነበረው መሆኑና አለመሆኑ ነው፤ ጥያቄያችንም ፍልስፍናው እነዚህን ተቋማት ለመጠበቅ ምን ምክንያት ይሰጣል ወደሚለው ይዞራል። ማርክሲዝም-ሌኒኒዝም እነርሱን የሚመለከታቸው እንደ ከበርቴው መሣሪያ ስለነበር፣ ተቋማቱ ቀድሞውኑ ደካማ በሆኑበት አገር ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ነበር።

ሁለተኛው ንጽጽር እኛን በሌላ በኩል ይነካናል። ጆቫኒ ጄንቲሌና ቤኔዴቶ ክሮቼ የኢጣልያ ታላላቅ ፈላስፎች፣ ሁለቱም ከጀርመናዊው ፈላስፋ ከሄግል ሐሳብ የተማሩ፣ ለብዙ ዓመታትም ወዳጆች ነበሩ። ጄንቲሌ እ.ኤ.አ. በ1922 የሙሶሊኒ የትምህርት ሚኒስትር ሆነ፤ በ1932 በሙሶሊኒ ስም የታተመውን የፋሺዝም ትምህርት ማብራሪያ የፍልስፍና ክፍል በአመዛኙ የጻፈው እርሱ ነው። ግለሰብ ከመንግሥት ውጭ እውነተኛ ሕይወት የለውም የሚል ነበር ትምህርቱ። ክሮቼ ደግሞ በ1925 ፋሺዝምን የሚቃወመውን የምሁራን መግለጫ ጻፈ። አንዱ ሥር ሁለት ፍሬ አፈራ።

ታዲያ የጄንቲሌ ፍልስፍና ኢትዮጵያን አስወረራት? የዘመን ወረቀቱን እንደገና እናንሣ። የኢጣልያ መንግሥት አሰብን የያዘው በ1882፣ ምጽዋን የያዘው በ1885፣ ዓድዋ ላይ የተሸነፈው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመስፋፋቱ ፍላጎት ከፋሺዝም በፊት ነበር። የፍልስፍናው ሥራ ሌላ ነው። በ1931 ዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሮፌሰሮቻቸውን ለፋሺስቱ ሥርዓት ሲያስምሉ፣ ከ1200 ከሚበልጡት መካከል እምቢ ያሉት 12 ያህል ብቻ ናቸው። በ1935 ጦሩ መረብን ሲሻገር በአገሩ ውስጥ በአደባባይ «አይሆንም» የሚል ድምፅ እንዳይኖር ቀድሞ ተሠርቶበታል። ክሮቼ እንኳ የመንግሥቱን ፖሊሲ ባይደግፍም በዚያ ጦርነት ወቅት ለአገሩ ስም ብሎ የሴናተርነት የወርቅ ሜዳሊያውን ለጦርነቱ ለሚሰበሰበው ወርቅ ሰጥቷል። ይህን ማንበብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቀላል አይደለም፤ እኔም ሳነበው የክሮቼን ገጾች ለረጅም ጊዜ አስቀምጫቸው ነበር። ነገር ግን መርማሪ ከሚያከብረው ሰውም ላይ ማስረጃ መሰብሰብ አለበት።

ምክንያት ነው ወይስ መሸፈኛ?

አንዳንድ ጊዜ ፍልስፍናው የሚመጣው ድርጊቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1550 እና በ1551 በስፔን ቫያዶሊድ ከተማ ሴፑልቬዳ የተባለው ሊቅ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን በጦር ማስገበር ተገቢ ነው ሲል የተከራከረው፣ በተፈጥሮ ባሪያ የሚሆኑ ሰዎች አሉ የሚለውን የአርስቶትልን ሐሳብ ይዞ ነበር። ወረራው ግን ከተጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር፤ ወርቅና መሬት ፈላስፋ አልጠበቁም። ተከራካሪው ላስ ካሳስም ሕዝቦቹን ሲከላከል ያንኑ አርስቶትልን እየጠቀሰ ነው። መሸፈኛ መሆን ከምክንያትነት ያነሰ በደል ይመስላል፤ ሆኖም የቆሰለ ኅሊና እንዲተኛ ስለሚያደርግ ጉዳቱን ያስረዝመዋል። በወረቀትዎ ላይ ለብቻው ስፍራ ይስጡት።

ከሳሹም ይመርመር

የአቴና ሰዎች ሶቅራጥስን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ለፍርድ ሲያቀርቡት ክሱ የከተማይቱን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችንም ያበላሻል የሚል ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሠላሳ ሰዎች ከተማይቱን በግፍ ገዝተው 1500 ያህል ሰዎችን አስገድለዋል፤ ከመሪዎቻቸው አንዱ ክሪቲያስ በአንድ ወቅት የሶቅራጥስ ባልንጀራ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ አስኪኔስ የተባለው ተናጋሪ ለአቴናውያን፣ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ክሪቲያስን ስላስተማረ ነው ብሏቸዋል። በይፋ የተጻፈው ክስና ሰዎቹ በልባቸው የያዙት ቂም የተለያዩ ነበሩ። ከተማይቱ እውነተኛ ቁስል ነበራት፤ ነገር ግን ጥያቄ የሚጠይቀውን ሽማግሌ በመርዝ ገድላ ስለ ሠላሳዎቹ መነሻ ምንም አልተማረችም።

ስለዚህ ፍልስፍና ጎዳን የሚል ክስ ሲመጣ ከሳሹ ማን እንደሆነ፣ ክሱ ቢሰምርለት ምን እንደሚያገኝ ይጠይቁ። ልጇን ያጣች እናት ስትከስና የሚጠየቅ ሥልጣን የያዘ ሰው ሲከስ አንድ አይደለም። የእናቲቱ ክስ ምስክርነት ነው፤ የባለሥልጣኑ ክስ ብዙ ጊዜ የራሱን ጥያቄ መሸሻ ነው።

ፍርዱን መጻፍ

መጨረሻ ላይ ከአራቱ አንዱን ይምረጡ፦ ፍልስፍናው ዋና ምክንያት ነበር፤ ሌላ የጀመረውን አባባሰ፤ መሸፈኛ ሆነ፤ ግንኙነት የለውም። የእኔን ፍርድ እንደ ናሙና ላስቀምጥ። ማርክሲዝም-ሌኒኒዝም በኢትዮጵያ ያለ ፍርድ መግደልን አልጀመረም፤ አባባሰው እንጂ። ያባባሰውም በሦስት መንገድ ነው፦ ሰውን በሥራው ሳይሆን በመደቡ የሚፈርድ ቋንቋ ሰጠ፣ በአንድ መጽሐፍ በሚያምኑ ሰዎች መካከል የማይታረቅ ጠብ ፈጠረ፣ ገዳዩንም ተማሪውንም ከታሪክ ጎን ቆሜያለሁ በሚል እምነት ከጥርጣሬ ነጻ አደረገ። ጭሰኛውን ነጻ ላወጣው አዋጅ ቋንቋ የሰጠውም እርሱ ነው። ከፍልስፍናው ጎን በእኩል ደረጃ ተጠያቂ የማደርገው ክርክርን ለረጅም ዘመን በአደባባይ የከለከለውን አገዛዝና ሥልጣኑን ለማንም ላለማጋራት የወሰነውን ወታደራዊ መንግሥት ነው።

ከፍርዱ ሥር ምን ዓይነት ማስረጃ ቢገኝ ሐሳብዎን እንደሚለውጡ ይጻፉ። እኔን የሚለውጠኝ፣ በዚያ ዘመን በሕዋሳቱ ውስጥ ጥርጣሬ በነጻነት ይነገር እንደነበርና ይህም ግድያውን እንዳላስቆመ የሚያሳይ ምስክርነት ቢበዛ ነው። ያን ጊዜ የፍርዴን «አባባሰው» የሚለውን ክፍል እንደገና እጽፈዋለሁ።

ይህንን ማስረጃ የያዙት ሰዎች ዛሬ ስልሳውን አልፈው ሰባዎቹን የያዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በአዲስ አበባ፣ አንዳንዶቹ በዋሽንግተን፣ በሮም ወይም በስቶክሆልም ይኖራሉ። ከመካከላቸው የእርስዎ አጎት ወይም አክስት ካሉ ቀጠሮ ይያዙ። ማን እንደሞተ ወይም ማን እንደገደለ በመጠየቅ አይጀምሩ፤ ያ በር አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም። የመጀመሪያ ጥያቄዎ «በዚያን ጊዜ መጀመሪያ ያነበቡት መጽሐፍ የትኛው ነበር? ማንስ ሰጠዎት?» የሚል ይሁን። ቀጥሎ፣ ካነበቡት ውስጥ ያልተስማሙበት ነገር ነበረ ወይ፣ ከነበረስ ለማን ነገሩት ብለው ይጠይቁ። መልሱን በራሳቸው ቃል፣ ቀኑንም ጨምረው ይመዝግቡ፤ ዝም ካሉም ዝም ያሉበትን ጥያቄ ይጻፉ፣ ቡናውንም አብረው ይጠጡ፣ ሌላ ቀን ይመለሱ።